አሞኒያ ታየ ብለህ ስፖንጁን አትጣል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። የዓሳ ገንዳህ ከዓመት በላይ የቆየ ነው። ዓሳዎቹ ደህና ናቸው። ውሃ ቀይረህ ስትለካ ግን አሞኒያው (ከዓሳ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚወጣው መርዝ) በሊትር 0.5 ሚሊግራም ወጣ። አንድ ሰው ደግሞ "የፊልተሩን ስፖንጅ ጥለህ አዲስ አስገባበት፣ ጠጠሩንም አውጥተህ እጠበው" ብሎሃል። በእናትህ እንዳታደርገው! ምክንያቱን በተራ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ የቧንቧውን ውሃ ለካ። በዚያው የውሃ መለኪያ ኪት፣ ዛሬውኑ። እኔ የጠየቅኳቸው ሁሉ "ምግብ አብዝተህ ነው"፣ "ዓሳው በዝቶብህ ነው" ነበር የሚሉኝ። የምሰጠውን ምግብ ግን አውቃለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሱታል። የሞተ ዓሳም ፈልጌ አጣሁ። ታዲያ ከውጭ የገባው አዲስ ነገር ምንድን ነው? ውሃው! ከቧንቧው በንጹህ ብርጭቆ ቀዳሁና ጠብታዎቹን ጨመርኩ። ቱቦው መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ቀስ እያለ ከታች ወደ ላይ አረንጓዴ ሆነ። መስኮት ዳር ወስጄ፣ ነጭ ወረቀት ከኋላው አድርጌ ከቀለም ካርዱ ጋር አስተያየሁት። ከገንዳው እኩል ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል። (በመብራት እንዳታነበው፤ በአንዳንድ መብራት ስር ቢጫውም አረንጓዴ ይመስላል።)

2. ክሎራሚን መሆኑን አጣራ። ክሎሪንን ከአሞኒያ ጋር አዋህደው ውሃ የሚያክሙ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ውህዱ ክሎራሚን ይባላል፤ በመስመሩ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይላቸው ነው። ክሎሪን ብቻውን ከሆነ በባልዲ ሲያድር ይተናል። ክሎራሚን ግን ስላሳደርከው አይለቅም። ተራ ክሎሪን ማጥፊያ ስትጨምርበት ክሎሪኑ ይጠፋል፣ አሞኒያው እዚያው ይቀራል። አሞኒያውንም የሚያስሩ ማጥፊያዎች አሉ፤ ኪቱ ግን ብዙ ጊዜ የታሰረውንም ጨምሮ ነው የሚቆጥረው።

ይህን ለማረጋገጥ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ጋ ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፤ ክሎሪን ነው ወይስ ክሎራሚን? ስልኩን ያነሳው ሰው "እኛ የምናቀርበው ለሰው እንጂ ለዓሳ አይደለም" ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እስካሁን ያናድደኛል። ውሃው ለሰው አይሆንም ያለ አለ? ከፋይ ደንበኛ ምን እንደሚጠጣ መጠየቅ መብቱ ነው። አልተውኳቸውም። ደጋግሜ ደውዬ ላቦራቶሪው ጋ ያለ ባለሙያ አገናኙኝ። እሱ፣ እግዜር ይስጠው፣ ባጭሩ መለሰልኝ፤ ክሎራሚን ነው። አንተም ስትደውል ፊት ለፊት ያሉትን ተዋቸውና ላቦራቶሪውን ጠይቅ።

3. ስፖንጁን በተመለከተ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት (እሱም ዓሳ ይመርዛል)፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በብዛት ያሉት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። ያ ቡናማና ሙልጭልጭ ያለው ነገር ቆሻሻ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የገንዳህ ጉበት ነው። አዲስ ገንዳ እሱን ለማፍራት ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። አንድ ጓደኛዬ አንተ የተመከርከውን ተመክሮ ሁሉንም በአንድ ቀን አጸዳው። ገንዳው መስታወት መሰለ። ከዚያ አሞኒያው እውነተኛ ሆነ፣ ቀጥሎ ናይትራይቱ ወጣ። ሄጄ ሳያቸው ዓሳዎቹ አፋቸውን ውሃው ጫፍ ላይ ደግነው ያለከልካሉ። ከግማሽ በላይ አለቁበት። ያንን ምክር የሰጠው ሰው ዛሬም "ባለሙያ ነኝ" እያለ ይመክራል። በጣም ነው የሚያበሳጨኝ።

ስፖንጁ ውሃ አላሳልፍ ካለ ብቻ፣ ከገንዳው በቀዳኸው ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ አድርገህ መልሰው። በቧንቧ ውሃ አትጠበው።

4. ፒኤችህን (የውሃህን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር) አልጻፍክም። 0.5 ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ኪቱ የሚያሳይህ ጠቅላላውን ነው፤ ዓሳ የሚገድለው ደግሞ በዋናነት ነጻው አሞኒያ፣ ማለትም ወደ አሞኒየም ያልተለወጠው ክፍል ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ነጻው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። 8 ላይ ከመቶ 5 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ፒኤችህ 7 አካባቢ ከሆነ ዛሬ ተኛ። 8 ከሆነ ግን አየር መርጫውን ክፈት፣ ምግቡን ለጊዜው ቀንስ፣ አሞኒያ የሚያስር ማጥፊያ ተጠቀም።

እኔ አሁን ውሃ የምቀይረው በአንዴ ሩቡን ብቻ ነው። ማጥፊያውን ባልዲው ውስጥ አስቀድሜ እጨምራለሁ፤ ለክሎራሚን የሚያስፈልገው መጠን ከክሎሪኑ ሊለይ ስለሚችል ጠርሙሱ ላይ ያለውን አይቼ። በማግስቱ ስለካ ዜሮ ነው። ደህና ፊልተር ያቺን ትንሽ አሞኒያ በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳታል። ያኔ አንድም ዓሳ አልሞተብኝም፤ በዚህ እኮራለሁ።

የአንተ በማግስቱም ካልወረደ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከድንጋይ ስር የሞተ ቀንድ አውጣ ፈልግ። መብራት ጠፍቶ ፊልተሩ ለሰዓታት ቆሞ እንደሆነ፣ በቅርቡ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጨምረህ እንደሆነም አስታውስ።

አሁን ቧንቧውንና ገንዳውን ለካ፣ ነገ ገንዳውን ድገመው። ሦስቱን ቁጥርና ፒኤችህን እዚህ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።