ታንኩ ወጣ፤ የጉድጓዱ ውሃስ?

የሚያፈሰው የነዳጅ ታንክ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላም የጉድጓዱ ውሃ ለምን እንደሚሸት ለጠየቁት፦ አፈሩ የጠጣው ነዳጅ ገና እዚያው ስላለ ነው። እባክዎን እስኪመረመር ድረስ አይጠጡት፤ አያፍሉትም፤ ሲፈላ የነዳጁ ተን ቤቱን ይሞላዋል። በነዳጅ ውስጥ ያለው ካንሰር አምጪው ቤንዝን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር የ10 ማይክሮግራም ገደብ ሳይሸትም ሊያልፍ ይችላል።

ነዳጅ ስለሚቀል በከርሰ ምድር ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር አፈሩን ደጋግሞ ይቀባዋል። ቤንዝኑ ግን ሟሙቶ ከውሃው ጋር ይጓዛል። ወዴት? በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ቢያንስ ሦስት የመከታተያ ጉድጓዶች ተቆፍረው የውሃው ከፍታ ሲለካ አቅጣጫው ይታወቃል።

ውሃውን በፓምፕ መሳብ ብቻውን አያዋጣም፤ ፓምፑ ሲቆም ብክለቱ ብዙ ጊዜ ያገረሻል። እኔ የምመርጠው ተንሳፋፊውን ነዳጅ ቀድሞ ማንሳት፣ ከዚያም ተኑን ከአፈሩ መምጠጥና ነዳጅ ለሚበሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ማቅረብ ነው።