የማግማ ቦይ በፓምፕ ሲሞላ ፋየር ኢምፕ አይገባበትም

አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል። ጥያቄህ እንደገባኝ፣ ድዋርፍ ፎርትረስ በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ማግማ (የቀለጠ ድንጋይ) ከእሳተ ገሞራው ወደ ማቅለጫ ወርክሾፖችህ የሚወስድ ቦይ ከፍተሃል፤ የቦዩ አፍ ላይ ፎርቲፊኬሽን (ቀዳዳ ያለው ግድግዳ) ብትቀርጽም ፋየር ኢምፕ፣ ማግማ ውስጥ የሚኖረው እሳት ወርዋሪ ፍጡር፣ ዋኝቶ ገብቶ አንጥረኛውን አቃጥሎታል።

ፎርቲፊኬሽን ብቻውን አያስተማምንም። ማግማው 7 ከ7 (እስከ አፉ) ሲሞላ የሚዋኝ ፍጡር ያልፈዋል። የቆመ የብረት ፍርግርግ ይሻላል፤ ግን ሕንፃ የሚያፈርስ ፍጡር ከመጣ እሱም አይተርፍም። እኔ የምመክርህ ፓምፕ ነው፤ ማግማውን ያሻግራል፣ አውሬ ግን በውስጡ አያልፍም።

የሞላውን ቦይ ለመጠገን አትድከም። ወርክሾፖቹን አፍርስና ከሥራቸው ያሉትን የማግማ ቀዳዳዎች በድንጋይ ወለል ድፈን። የተገነባ ወለል አይቀልጥም፣ የሚሰብረውም አውሬ የለም። ከዚያ አዲስ ቦይ ደረቅ እንዳለ ቆፍር። ቆቦ ላይ የመስኖ ቦዩ ተጠርጎ ሳያልቅ ውኃ አይለቀቅም፤ እዚህም ሥራው ሁሉ ከማግማው በፊት ይለቅ።

ፓምፑን ከማግማው አንድ ደረጃ (አንድ ፎቅ) ከፍ አድርገህ ትከል። የሚስብበት ቀዳዳ ላይ የወለል ፍርግርግ አንጥፍ፤ ማግማው በፍርግርጉ ያልፋል፣ አፍራሽ ፍጡር ደግሞ ከሥሩ ሆኖ ከላዩ ያለውን ሊሰብር አይችልም። ፍርግርጉን ከማንሻ ጋር አታገናኘው፤ የሚቀልጥ መካኒዝም ይጨመርብሃል እንጂ ጥቅም የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁሱ ላይ ነው። ማግማ በጨዋታው መለኪያ 12000 ዲግሪ ነው። መዳብ በ11952 ስለሚቀልጥ በ48 ዲግሪ ብቻ ይሸነፋል፤ የመዳብ ፍርግርግ ተከልክ ማለት በሩን ክፍት ተውክ ማለት ነው። ብር፣ ወርቅና ነሐስም እንደዚያው ናቸው፣ እንጨት ይነዳል። ተራው ብረት (አይረን) እስከ 12768፣ ስቲል እስከ 12718 ይችላል። የፓምፑ ሦስት ክፍሎች፣ ቧንቧው፣ ትልቁ ጠመዝማዛና ብሎኩ፣ ሁሉም ከዚሁ ብረት ወይም ከመስታወት ይሁኑ። አሸዋ ካለህ አረንጓዴ መስታወት ርካሹ ነው።

ቦዩ ከፓምፑ ጋር በአንድ ደረጃ፣ ወርክሾፖቹ አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይቀመጡ። ፓምፕ የገፋው ማግማ እስከ ፓምፑ ደረጃ ድረስ ስለሚወጣ፣ ወርክሾፑን እኩል ካደረግከው ወለልህ ላይ ይፈሳል። የወርክሾፑን ቀዳዳ ከመሐል ውጭ ካሉት 8 ካሬዎች በአንዱ ሥር ክፈት፣ ቢቻል ሰው የማይረግጠው ካሬ ሥር። ለሥራ ከ7 ቢያንስ 4 ጥልቀት ይበቃዋል።

ፓምፑን አንድ ድዋርፍ (የጨዋታው ሠራተኛ) በእጁ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ ግን ኢምፕ በፍርግርጉ በኩል እሳት ሊወረውርበት ስለሚችል ብዙ አታቆየው። ወርክሾፖቹ ማግማውን አይጨርሱትም፤ በደንብ የሞላ ቦይም አይተንም፣ የሚተነው 1 ከ7 የቀረው ስስ ንብርብር ነው። ስለዚህ ቦዩ እንደሞላ ፓምፑን እንዲያንቀሳቅስ ለድዋርፉ የሰጠኸውን ትእዛዝ አንሳ፣ ፍርግርጉን ነቅለህ ቀዳዳውን በድንጋይ ወለል ድፈነው።