የዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ ቡድን በ2025–26 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ምን ተስፋ አለው?

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰዎት። ልጅዎ በዚህ መስከረም ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ መግባቱን ገልጸው፣ «ባለፈው ዓመት ለዋንጫ የተቃረበው የሆኪ ቡድን ዘንድሮም ይሆንለታል ወይ? የሙሉ ዓመቱን ትኬት መግዛትስ ያዋጣል?» ብለው ጠይቀዋል። ከአውሮራ እየተመላለስኩ ይህን ቡድን ለዓመታት የተከታተልኩ በመሆኔ የማውቀውን ያህል ልመልስልዎት። በእኔ ግምት ቡድኑ በኦክቶበርና በኖቬምበር ይንገዳገዳል፤ ከጃንዋሪ ወዲህ ግን ማንም ሊገጥመው የማይመኘው ቡድን ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን አዲሱ ግብ ጠባቂ ሥራውን ከተወጣ ብቻ ነው።

ባለፈው የውድድር ዘመን ቡድኑ 31 ጊዜ አሸንፎና 12 ጊዜ ተሸንፎ፣ በአንድ ጨዋታ ደግሞ አቻ ወጥቶ እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደርሶ ነበር። በኤፕሪል 2025 ሴንት ሉዊስ ላይ በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ዌስተርን ሚሺጋን በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈውና በፍጻሜው ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። አንዳንድ ደጋፊ ይህን እንደ ውድቀት ሲያወራው እሰማለሁ፤ እኔ አልስማማም። ዴንቨር እስከ 2025 ድረስ 10 ብሔራዊ ዋንጫ ነበረው፤ ከእሱ የሚበልጥ ቡድን በኮሌጅ ሆኪ የለም። ከእነዚህም ሁለቱን በ2022 እና በ2024 ያገኘ ቡድን በጭማሪ ሰዓት አንድ ግብ ስለገባበት ተዳከመ አይባልም።

የሚያሳስበው የሄዱት ልጆች ጉዳይ ነው። ጃክ ዴቫይን ባለፈው ዓመት በ57 ነጥብ (ያገባቸውና ለግብ ያቀበላቸው ተደምረው) የአገሪቱ ቀዳሚ ነበር፤ ኤይደን ቶምፕሰንም ብዙ ሳይርቅ ይከተለው ነበር። ሁለቱም ወጥተዋል፤ መሐሉን ይዞ ይጫወት የነበረው ካርተር ኪንግም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ግን ዜቭ ቡየም ወደ ባለሙያዎቹ ቡድን ወደ ሚኒሶታ ዋይልድ መሄዱ ይሰማናል፤ ምክንያቱም ይህ ልጅ በስም ተከላካይ ይባል እንጂ ጥቃቱ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ዘንድ ነበር። ሁለት አጥቂዎች በሜዳው ዙሪያ ባለው መስታወት ሥር ሊያፍኑት ሲመጡ በትከሻው ወደ ግራ አስመስሎ በቀኝ ሹልክ ይልና ፓኩን (በሆኪ እንደ ኳስ የሚያገለግለውን ክብ ጎማ) ራሱ እየገፋ ከአደጋው ክልል ያወጣው ነበር። ሌሎች ሦስት ቅብብል የሚፈጅባቸውን እሱ በአንድ መታጠፍ ይጨርሰዋል። ዘንድሮ ይህን ብቻውን የሚሠራ ሰው አላይም፤ ስለዚህ ቡድኑ ፓኩን ከኋላ የሚያወጣበትን መንገድ እንደ አዲስ መማር አለበት፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት የምፈራውም ለዚህ ነው።

ሆኖም የኋላ መስመሩ ባዶ አይደለም። ኤሪክ ፖልካምፕና ቦስተን በክበርገር ተመልሰዋል። ፖልካምፕ ከሩቅ የሚመታው ምት ከባድ ስለሆነ ተጋጣሚ በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድልበት ዴንቨር አሁንም ያስፈራል። ከፊት ሳም ሃሪስና ሪገር ሎረንዝ አሉ፤ ሎረንዝ በ2024ቱ ፍጻሜ ቦስተን ኮሌጅ ላይ ከገቡት ሁለት ግቦች አንዷን ያስቆጠረ ልጅ ነው። እነዚህ ግብ ያገባሉ፤ ጥያቄው ዴቫይንና ቶምፕሰን ያቀብሏቸው የነበረውን ፓክ ማን ያቀብላቸዋል የሚለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ግብ ጠባቂው ማት ዴቪስ ትምህርቱን ጨርሶ ወጥቷል። በዚያው የ2024 ፍጻሜ 35 ምት አድኖ አንድም ሳይገባበት ዋንጫውን ያመጣው እሱ ነበር፤ ቦስተን ኮሌጅ በዚያ ዓመት ከማንም በላይ ኮከብ የሰበሰበ ቡድን ስለነበር፣ በእኔ አስተያየት ሌላ ግብ ጠባቂ ቆሞ ቢሆን ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። የእሱን ተተኪ ሲያዩ ስንት አዳነ የሚለውን ቁጥር ትተው ካዳነ በኋላ ፓኩ የት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ደረቱ ላይ ይዞ የሚያስቀር ወይም ወደ ጥግ የሚገፋ ከሆነ ተከላካዮቹ ይረጋጋሉ፤ ወደ መሐል የሚመልሰው ከሆነ ግን ባለፈው ዓመት ያሸነፍናቸውን ጨዋታዎች ዘንድሮ በአንድ ግብ እንሸነፋለን።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። ሆኪ ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኖቹ ጎን ስለሚቀያየሩ የተቀያሪዎቹ መቀመጫ ከራሳቸው ግብ ይርቃል፤ የደከመው ተከላካይ ወጥቶ ለመቀየር ረጅም መንገድ አለበት። ያልበሰለ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚቀጣው በእነዚያ 20 ደቂቃዎች ነው። ኖቬምበር ላይ ዴንቨር በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግብ እየበዛበት ካዩ አይደንግጡ፤ ፌብሯሪ ላይም ያው ከሆነ ግን ዋንጫውን ይርሱት።

አሰልጣኙ ዴቪድ ካርል በመሆኑ ግን ተስፋዬ ከፍርሃቴ ይበልጣል። ካርል በልብ ሕመም ምክንያት ለዴንቨር አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ሲቀር ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዕድሉን ሳይነፍገው ከአሰልጣኞቹ ጋር አስቀመጠው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ገና 28 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ ሁለት ብሔራዊ ዋንጫ አንሥቷል፤ የአሜሪካን የወጣቶች ቡድንም በ2024 እና በ2025 ለዓለም ወርቅ አብቅቷል። ኮከቦቹ በሄዱ ቁጥር ሌሎችን አብስሎ ማውጣቱን ደግመን ደጋግመን አይተናል።

ፉክክሩ ግን ከድሮው ከብዷል። የ2025 ባለዋንጫው ዌስተርን ሚሺጋን ከእኛው ሊግ ነው፤ ኖርዝ ዳኮታም በዴን ጃክሰን አዲስ አሰልጣኝነት ጠንካራ ወጣቶችን አሰባስቧል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ደግሞ በካናዳ ትላልቅ የወጣቶች ሊጎች የተጫወቱ ልጆች ኮሌጅ እንዲጫወቱ ተፈቅዷል፤ ቀድሞ እንደ ባለሙያ ተቆጥረው ይከለከሉ ነበር። በዚህ በር ብዙ የተወራለት ወጣት አጥቂ ጋቪን መኬና ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ዴንቨርም ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን ትናንት በቀላሉ የምናሸንፈው ቡድን ዛሬ ሁለት ጥሩ አጥቂ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ ስገምት ቡድኑ በሊጉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ባለው ደረጃ ይጨርሳል፤ ለብሔራዊው ውድድር ከሚመረጡት 16 ቡድኖች መካከልም ይገባል። ላስ ቬጋስ ላይ ለሚደረገው የመጨረሻዎቹ አራት ጨዋታ መድረሱን ግን ከወዲሁ አልምልም።

ስለ ትኬቱ፦ ለጀማሪ ቤተሰብ የሙሉ ዓመቱን አልመክርም። ጨዋታዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዓርብና ቅዳሜ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ስለሚደረጉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሜን ይምረጡ፤ ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጡ ቡድኖች በሁለተኛው ቀን የዴንቨር ከፍታ ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል ይባላል፤ ትንሽ ቢጋነንም ሐሰት አይደለም። ኮሎራዶ ኮሌጅ የሚመጣበትን ቀን ግን አስቀድመው ይያዙ፤ ጎረቤታሞቹ ሲገናኙ የዴንቨር ሜዳ ማግነስ አሬና ይሞላል። አዳራሹ ስለሚበርድ ጋቢ ደርበው ቢመጡ ማንም አይታዘብዎትም። የተረፈውን ገንዘብ ለማርች ያቆዩት፤ ዘንድሮ የሊጉ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በሙሉ የተሻለ ደረጃ በያዘው ቡድን ሜዳ ስለሚደረጉ፣ ዴንቨር ከላይ ከጨረሰ ዋናዎቹን ጨዋታዎች እዚሁ ያያሉ። ልጅዎ ደግሞ ተማሪዎች በምን መንገድ እንደሚገቡ ከዩኒቨርሲቲው ትኬት ክፍል ይጠይቅ፤ እርስዎ ከእኛ ጋር መቀመጥ ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ።