ለወጣት የቴሌኮም ባለሙያዎች፦ ከሰርተፊኬቱ በፊት ስታንዳርዱን አንብቡ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየአጋጣሚው የማገኛችሁ ወጣት ኢንጂነሮች አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «ጋሼ፣ የትኛውን ሰርተፊኬት ብይዝ ያዋጣኛል?» የዕቃ አምራቾቹን ስም ተራ በተራ ትጠሩልኛላችሁ። ሰርተፊኬት ጥሩ ነው፤ ሥራ ያስገባል። ነገር ግን የሚያስተምራችሁ የአንድን ኩባንያ ዕቃ አጠቃቀም ነው። ዕቃው ሲቀየር ዕውቀቱም አብሮት ያረጃል። ከዕቃው ሥር ያለው ስታንዳርድ፣ ማለትም የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እንዲግባቡ የተስማሙበት የጋራ አሠራር፣ ግን ይቆያል። ከዕቃው በላይ ደግሞ ሕግ አለ። በዚህ ሙያ ስኖር የታዘብኩት፣ ሁለቱንም አንብቦ የሚያውቅ ባለሙያ በጣም ጥቂት መሆኑን ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ከ09 ወደ 07፣ ማለትም ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም፣ መደወልን እንውሰድ። ለእናንተ ተራ ነገር ነው። ለኔ ትውልድ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። አፄ ምኒልክ የአዲስ አበባ–ሐረርን የ477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ማሠራት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። እኛ ወደ ሥራ ስንገባም ቴሌ ማለት የመንግሥት ቴሌ ማለት ነበር። ሌላ አልነበረም። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጣና የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2013 ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ አገኘ። በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ አስቡት። ሁለቱ ድርጅቶች ተፎካካሪዎች ናቸው። የየራሳቸው ታወር፣ የየራሳቸው ማዕከል አላቸው። ሆኖም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትደውሉ ስልኩ ይጠራል። የቁጥሩ አደራደር፣ ጥሪው የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንዴት እንደሚያውቅ፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ በዓለም ደረጃ ስምምነት የተደረሰበት ነው። 251 የሚለው የአገራችን መለያ ከዚያ ነው የመጣው። አንድ ዓለም አቀፍ ስልክ ቁጥር ከ15 አሃዝ እንዳይበልጥ የሚለውም ከዚያው ነው። ይህ የስታንዳርዱ ድርሻ ነው። ግን አንደኛው ድርጅት «አላገናኝም» ቢልስ? ወይም የማገናኛ ሂሳቡን ሰማይ ቢሰቅለውስ? እዚህ ላይ ስታንዳርዱ ምንም ማድረግ አይችልም። የሚያስገድደው ሕጉ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙም የሚዳኘው ባለሥልጣኑ ነው። በእያንዳንዷ ከ09 ወደ 07 የምትደረግ ጥሪ ውስጥ መሐንዲስም የሕግ ሰውም አሉበት።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ልሂድ። የአማርኛ ኤስኤምኤስ።

አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። ቢት የዲጂታል መረጃ ትንሿ መለኪያ ናት፤ 8 ቢት አንድ ባይት ይሆናል። ጂኤስኤም የተባለውን የሞባይል ስልክ ስታንዳርድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጁት የአውሮፓ ባለሙያዎች አንድ ፊደል 7 ቢት ብቻ እንዲወስድ አደረጉ። በዚህም 160 ፊደል ማስገባት ቻሉ። ብልህ አሠራር ነው። ነገር ግን በ7 ቢት የሚገኘው 128 ቦታ ብቻ ነው። ሠንጠረዡን አውጥታችሁ ብታዩት ማን ማን ቦታ እንዳገኘ ይገባችኋል። የእንግሊዝኛው ፊደል በሙሉ አለ። የጀርመኖቹ ድርብ ኤስ አለች። የስካንዲኔቪያዎቹ አናቷ ላይ ክብ ያለባት ኤ አለች። የፓውንድ ምልክት አለ። ዴልታ፣ ሲግማ፣ ኦሜጋ እያሉ የግሪክ ፊደላት ተሰድረዋል። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎች ያመጧቸው ፊደላት ናቸው። ከኛ ሰው አልነበረም።

በእርግጥ ከ200 በላይ የሆነው ፊደላችን በ128 ቦታ አይገባም። ስለዚህ በአማርኛ ስንጽፍ ስልኩ አንዱን ፊደል በ16 ቢት ወደሚያስቀምጥ ሌላ አጻጻፍ ይቀየራል። ያን ጊዜ መልእክቱ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ይሆናል። ከ70 ካለፈ ይቆራረጣል፤ ማያያዣው ቦታ ስለሚወስድ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይይዛል። በላቲን 160 ፊደል አንድ መልእክት ነው። በኛ ፊደል ሦስት ነው። በላቲን በጻፋችሁት ረጅም መልእክት መሃል አንዲት «ሰ» ብትገባ እንኳ ሙሉው መልእክት ወደዚያ አጻጻፍ ይዞራል። የኛ ፊደል ቆጣቢ መሆኑ እውነት ነው። «ሰላም» በኛ ሦስት፣ በላቲን አምስት ፊደል ነው። ቢሆንም ልዩነቱን አያካክሰውም። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

በዚያ ላይ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ቁጥር በተሰጣቸው የጋራ መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ያም በራሱ የመጣ ነገር አልነበረም። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብዙ ደክመውበታል። ያ ድካም ባይኖር ይህን ጽሑፍ ዛሬ በስልካችሁ አታነቡትም ነበር።

የቱርኮችን ነገር ደግሞ ስሙ። እነሱም የተወሰኑ ፊደሎቻቸው ከሠንጠረዡ ቀርተውባቸው ነበር። በነዚያ ፊደሎች ሲጽፉ መልእክታቸው እንደኛው 70 ላይ ይቆም ነበር። የአገሪቱ ባለሥልጣናት ዝም አላሉም። ጥያቄውን ይዘው የሞባይል ስታንዳርድ ወደሚጻፍበት ወደ 3ጂፒፒ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 የብሔራዊ ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚባል አሠራር ስታንዳርዱ ውስጥ ገባ። ቀጥለው ሂንዲን፣ ቤንጋሊን፣ ታሚልን የመሳሰሉ የህንድ ቋንቋዎች ገቡ። የግዕዝ ፊደል ሠንጠረዥ ግን የለም። ቴክኒካዊ መፍትሔ ታጥቶ ነው ብዬ አላምንም። ሄዶ የጠየቀ ስለሌለ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ በቴሌግራም ስለምንጻጻፍ ነገሩ ያለፈበት ሊመስላችሁ ይችላል። የባንኩ፣ የቴሌብሩ ማረጋገጫ ግን አሁንም በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣው። ስማርት ስልክ የሌላት እናት የሚደርሳትም ኤስኤምኤስ ነው።

ስታንዳርድ ማንበብ ሥራ ላይ ምን እንደሚፈይድ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የክልል ከተማ ውስጥ የአንድ ሰፈር ደንበኞች ጠዋት ጠዋት ጥሪ ይቆራረጥባቸው ነበር። ከሰዓት ሰላም ነው። ታወሩ ላይ የተበላሸ ነገር አልተገኘም። መብራት አለ። ቡድኑ የታወሩን መሣሪያ ካርዶች ሲቀያይር ሰነበተ። ምንም ለውጥ የለም። አንዲት ገና ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ግን የጂኤስኤምን የሬዲዮ ስታንዳርድ አንብባ ነበር። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገድ ክልል ስልኮች ወደ ታወር የሚናገሩት ከ915 ሜጋኸርዝ በታች፣ ታወሩ ለስልኮች የሚመልሰው ከ935 በላይ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ሁሉም ታወሩ የሚልከውን ሲመረምር እሷ ታወሩ የሚሰማውን አየች። ሞገዱ ላይ ከባድ ጫጫታ አለ። ማንም በማይደውልበት ሰዓት እንኳ አለ።

ስፔክትረም አናላይዘር የሚባለውን የሬዲዮ ሞገድ መለኪያና አቅጣጫ የሚለይ አንቴና ይዘን በእግራችን ወጣን። አንቴናውን ወደ ገበያው ስናዞረው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ይነሳል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስናዞረው ይወርዳል። እንዲህ እያልን አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ሥር ደረስን። ጣሪያው ላይ ከሱቅ የተገዛ የኔትወርክ ቡስተር፣ ማለትም የስልክ ሞገድ ማጉያ፣ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው። «ምድር ቤት ያለው ቁርስ ቤት ኔትወርክ አይገባውም፤ ለእንግዶቼ ብዬ ነው» አሉን። የሚያበሩት ቁርስ ቤቱ ሲከፈት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ያጠፉታል። ዕቃው የእንግዶቹን ስልክ ሲያጎላ በራሱ ጫጫታ የሰፈሩን ታወር ጆሮ ይደፍነው ነበር። ሶኬቱን ሲነቅሉት መስመሩ ወዲያው ወረደ።

ለዚህ ነው የቴሌኮም ዕቃ ገበያ ከመግባቱ በፊት ተፈትኖ ይጽደቅ የሚባለው። ታይፕ አፕሩቫል የምንለው ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ቢሮክራሲ ይመስለዋል። እኔ የዚያን ሰፈር ሰዎች አስባለሁ። አምቡላንስ ለመጥራት ሞክሮ መስመር የተቆረጠበት ሰው ሊኖር ይችል ነበር። በበኩሌ ሰውየውን መቅጣት ፍትሐዊ ሆኖ አይታየኝም። ዕቃውን ሲገዙ «አይፈቀድም» ያላቸው የለም። ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት ጉምሩክና አስመጪው ጋ ነው።

ከየት እንጀምር ትሉ ይሆናል። ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ *#06# ብላችሁ ጻፉ። የስልኩ መለያ ቁጥር የሆነ 15 አሃዝ ይወጣል። የመጨረሻዋ አሃዝ ከፊተኞቹ 14 ተሰልታ የምትገኝ ናት። ስሌቱን ፈልጉና በወረቀት ሥሩት። ሲገጥምላችሁ ስታንዳርድ ማለት ምን እንደሆነ በእጃችሁ ትነኩታላችሁ። ከዚያ የ3ጂፒፒን ሰነድ ቁጥር 23.038 አውርዱ። ያ የነገርኳችሁ የኤስኤምኤስ ፊደል ሠንጠረዥ እዚያ አለ። አጭር ነው፤ አያስፈራም። የ3ጂፒፒ ሰነዶች በነፃ ይወርዳሉ። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት፣ የአይቲዩ፣ ምክረ ሐሳቦችም አብዛኞቹ በነፃ ናቸው። የኢንተርኔት ስታንዳርድ የሚጻፍበት አይኢቲኤፍ ደግሞ የአባልነት ክፍያ እንኳ የለውም። ኢሜይል ያለው ሰው ሁሉ ይሳተፋል። መንግሥት እስኪልካችሁ አትጠብቁ። ከጎንደርም ሆነ ከጅማ፣ ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ መሳተፍ ይቻላል።

አገራችን የአይቲዩ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ወንበሩ ከድሮ ጀምሮ አለን። እንደ ማሊው ሐማዱን ቱሬ ያለ አፍሪካዊ ኅብረቱን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2014 መርቶታል። የሚጎድለን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰነዱን አንብቦ የሚከራከር ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው በአንድ ሥልጠና አይወጣም። አንድ ርዕስ ይዞ ዓመታት የሚቆይ ሰው ይጠይቃል። ስለዚህ ሁሉንም ለማወቅ አትሩጡ። ስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገድ ድልድል) ከሆነ ስፔክትረም፣ የቁጥር አደራደር ከሆነ የቁጥር አደራደር፣ አንዱን ያዙ።

ሕጉን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ 1148ን በነጋሪት ጋዜጣ አንብቡ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው። የሕግ ተማሪ ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ እሱ የማያየውን እናንተ ታያላችሁ፣ እናንተ የማታዩትን እሱ ያያል። ከተመረቃችሁ በኋላ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ውስጥ የመሥራት ዕድል ካገኛችሁ ቶሎ አትግፉት። ኦፕሬተሮቹ፣ ማለትም አገልግሎት ሰጪዎቹ ድርጅቶች፣ የተሻለ ይከፍሉ ይሆናል። ነገር ግን ታወር ላይ የወጣ፣ ልኬት የሚያውቅ ሰው ተቆጣጣሪው ጋ ከሌለ ኦፕሬተሩ ያመጣውን ሪፖርት የሚመረምር አይኖርም። ያኔ የሚጎዳው ደንበኛው ነው።

ረቂቅ መመሪያ ለአስተያየት ሲወጣ ደግሞ ዝም አትበሉ። ፌስቡክ ላይ መማረር አስተያየት መስጠት አይደለም። የአንቀጹን ቁጥር ጻፉ። ምን እንዲቀየር እንደምትፈልጉ ሕጉ በተጻፈበት አኳኋን አስቀምጡ። ልኬት ካላችሁ የለካችሁበትን ቦታ፣ ሰዓትና መሣሪያ ጨምሩ። አንድ ገጽ ይበቃል። ስማችሁን ጻፉበትና ቀኑ ሳያልፍ ላኩት።