አክሪሊኩ ላይ ሜትሩ አንዴ 2፣ አንዴ 11 ኪሎ ቮልት ለምን ይላል?

አንድ አንባቢ የአክሪሊክ ሰሌዳ ይቆርጣሉ። መከላከያ ላስቲኩን ሲልጡት ፊቱ ላይ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይቀራል፣ አቧራም ይለጠፍበታል። በመልቲሜትር ለኩት፣ ዜሮ። ፊልድ ሜትር (ሳይነካ ከርቀት ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) ሲገዙ ደግሞ ሰሌዳው ጠረጴዛ ላይ እያለ 2 ኪሎ ቮልት፣ ብድግ ሲያደርጉት 11 ይላል። «መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል።

መሣሪያው ደህና ነው። መልቲሜትሩን ግን ለዚህ ሥራ ይተዉት። የብዙዎቹ ውስጣዊ ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅም) 10 ሜጋኦም አካባቢ ነው። ጫፉ የነካው ቦታ ላይ ያለችው ትንሽ ቻርጅ (የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) በዚያ በኩል ወዲያው ታልቃለች። አክሪሊክ ኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ) ስለሆነ ደግሞ ከጎን የሚተካት አይመጣም።

2 እና 11 ያሉትስ? ቻርጁ ያው ነው። ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ካፓሲታንሱ (በአንድ ቮልት የሚይዘው የቻርጅ መጠን) ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። ስለዚህ ጠርዙን ይዘው ከጠረጴዛም ከሰውነትዎም አርቀው ይለኩ። ሜትሩን ግራውንድ ያድርጉት (ከመሬት ጋር በሽቦ ያገናኙት)፤ ግራውንድ የሆነ ብረት ላይ አነጣጥረው ዜሮ ያስይዙት። አምራቹ የወሰነውን ርቀት ይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ቀረብ ካሉ ቁጥሩ ያለአግባብ ይዘላል።

ይህን ሁሉ አድርገውም የሚያገኙት አማካይ ነው። ሜትሩ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ሰፊ ክብ እንጂ ነጥብ አይደለም። ላስቲኩ እየተንገጫገጨ ሲላጥ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መስመሮች ጎን ለጎን ሊቀሩ ይችላሉ። በሜትሩ እይታ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ስለዚህ ዜሮ አካባቢ ይላል፣ አቧራው ግን ይለጠፋል። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ከቁጥር ይልቅ ቻርጁ የት እንዳለ የሚያሳየውን ሥዕል አምናለሁ።

ሥዕሉን የሚያወጣው ዱቄት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊሽተንበርግ በ1777 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ነገር ነው። የድሮዎቹ የድኝና የቀይ ሊድ ዱቄት ደባልቀው በስስ ጨርቅ ይነፉ ነበር፤ ቢጫው ፖዘቲቩን፣ ቀዩ ኔጌቲቩን ይይዛል። ሊድ መርዝ ስለሆነ አይሞክሩት። በቁራጭ አክሪሊክ ላይ ጥቂት የፎቶ ኮፒ ቶነር ከላይ ይበትኑና ትርፉን መታ መታ አድርገው ያራግፉ። ማስክ ያድርጉ። እሳትና ብልጭታ አይቅረብ፤ አየር ላይ የተበተነ ቶነር ይቀጣጠላል። በቤት ቫኪዩምም አይጥረጉት።

መስመር መስመር ከወጣ አላላጡ ላይ ችግር አለ። የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ከወጣ ደግሞ ፊቱ ላይ ብልጭታ ሄዷል ማለት ነው። ላስቲኩን በዝግታ፣ ሳያቋርጡ ይላጡ፤ አዮናይዘር (ቻርጅን የሚያጠፋ አየር የሚነፋ መሣሪያ) ካለዎት የሚነፋው ልክ ላስቲኩ የሚለቅበት መስመር ላይ ይሁን። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ቻርጁን ይጨምራል፤ ሰሌዳው ላይ የግራውንድ ሽቦ መቆንጠጥም አይረዳም። ሁለተኛውን ፊት ከላጡ በኋላ በሁለቱም በኩል እንደገና ይለኩ።