በትንሽ ፒክአፕ ውስጥ ሦስት ወር መኖር፦ ለጠያቂው ወንድሜ

ጥያቄህን አየሁት፤ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልሁም። ከላስ ቬጋስ ወደ ሲያትል አካባቢ ለመጋዘን ሥራ እየመጣህ ነው፤ የምትከራየው ቤት የሚለቀቀው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ የጭነት ቦታው ላይ ካኖፒ፣ ማለትም ጣሪያና መስኮት ያለው ሽፋን፣ በተገጠመለት ቶዮታ ታኮማ ፒክአፕህ ውስጥ ለመኖር አስበሃል። «ይቻላል ወይ? ፖሊስስ ምን ይለኛል? ብርዱንስ እንዴት እችለዋለሁ?» ብለሃል። ከመለሱልህ ሰዎች ግማሾቹ «ተው፣ ትሞታለህ» አሉህ፤ የቀሩት ደግሞ «ነፃነት ማለት ይህ ነው» አሉህ። አንዳቸውም ፒክአፕ ውስጥ ያደሩ አይመስለኝም። እኔ በዚሁ አካባቢ በአሮጌ ፎርድ ሬንጀር ውስጥ የብርዱን ወራት አሳልፌአለሁ፤ ሥራም እየገባሁ።

ይቻላል። ነገር ግን ትንሽ ፒክአፕ ቤት አይሆንህም፤ መኝታ ብቻ ነው የሚሆንህ። ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ ማምሻው፣ የፖስታ አድራሻው ሁሉ ከመኪናው ውጭ መገኘት አለባቸው፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከማደርህ በፊት። ቫን ያላቸው ሰዎች የሚሰጡትን ምክር ለጊዜው አቆየው፤ እነርሱ ቆመው ሱሪ ይለብሳሉ፣ አንተ ተጋድመህ ነው የምትለብሰው።

ከመኝታው ልጀምር። ብዙዎች በጭነት ቦታው ግራና ቀኝ ጎበጥ ብሎ ከሚወጣው ከጎማው ሽፋን በላይ የእንጨት መድረክ ሠርተው እላዩ ላይ ይተኛሉ፤ ዕቃው ከሥር ይገባል። ፎቶግራፍ ላይ ያምራል። በትንሽ ፒክአፕ ግን መድረኩ ላይ ስትወጣ ጣሪያው አፍንጫህ ላይ ይደርሳል፤ ቁጭ ብለህ ካልሲ እንኳን አታጠልቅም። እኔ የምመክርህ ወለሉ ላይ በአንድ ጎን መተኛት፣ ሣጥኖቹን በሌላው ጎን መደርደር ነው። በሁለቱ የጎማ ሽፋኖች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ገደማ ነውና ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ቀና ብለህም መቀመጥ ትችላለህ። ከሌሊት ልብስህ፣ ከነገ የሥራ ልብስህ፣ ከውሃና ከባትሪ መብራት በቀር ሌላው ሁሉ ሾፌሩ ክፍል ውስጥ ይደር። ሌሊት በዝናብ ወጥተህ የምትፈልገው ነገር ሊኖር አይገባም።

አንድ ነገር ዛሬውኑ አረጋግጥ፤ ብዙ ካኖፒዎች የሚከፈቱት ከውጭ ብቻ ነው። የኋላው መዝጊያም እጀታው ያለው በውጭ ነው። ከውስጥ የሚከፍት ገመድ ወይም መቀርቀሪያ ሳታበጅ አንድም ሌሊት አትተኛበት። እሳት ቢነሣ ወይም ሰው በስህተት ቢዘጋብህ መውጫ የለህም።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ፤ እርሱም ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። ሲያትል በታኅሣሥና በጥር ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው የሚፈራው ቅዝቃዜ አይደለም። ዝናቡ ግን ለቀናት አያቋርጥም፤ አንተም ስትተኛ ሌሊቱን ሙሉ እርጥብ ትንፋሽ ታወጣለህ። ያ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ውሃ ይሆንና ይንጠባጠብብሃል። መስኮት ዘግቶ የሚሞቅ የሚመስለው ሰው በሳምንቱ ፍራሹ ሥር ሻጋታ ያገኛል። መድኃኒቱ ለሰሚው ይገርማል፤ በብርዱ ውስጥ ሁለት መስኮት በትንሹ ከፍቶ መተኛት። አንዱ ራስጌ አንዱ ግርጌ ይሁን፤ አየሩ እንዲያልፍ። ፍራሹን በቀጥታ ብረቱ ላይ አታንጥፍ፤ ከሥሩ አየር የሚያስገባ ርብራብ አድርግለት። ጠዋት ጣሪያውን በፎጣ አብሰው። እርጥብ ጃኬትና ጫማ ከአንተ ጋር አይደሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጋቢ ልናገር፤ እናትህ ሰጥታህ እንደ ነበር ጽፈሃልና። ጋቢ ጥጥ ነው። ደረቅ ሲሆን ወደር የለውም፤ አንዴ ከረጠበ ግን በዚህ አገር አይደርቅም፤ ሙቀቱንም ይነሣሃል። በፕላስቲክ ከረጢት አሽገህ ሾፌሩ ክፍል አስቀምጠው፤ ለእረፍት ቀንህ ይሁን። ለሌሊት ከዜሮ በታች ለሚወርድ ብርድ የተሠራ የመኝታ ከረጢት ግዛ። ከላይ ከምትደርበው ይልቅ ከሥር የምታነጥፈው ይበልጣል፤ ከባዱ ብርድ የሚመጣው ከወለሉ ነው። ውሃ አፍልተህ በማይፈስ የብረት ጠርሙስ ሞልተህ እግርህ ሥር ብታደርገው እስከ ንጋት ያገለግልሃል።

ሞተር አስነሥቶ መተኛትን እርሳው። ጋዝ ምድጃ በካኖፒ ውስጥ ማቀጣጠልንም እንዲሁ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው፤ ገዳዩ ያው ነው። በባትሪ የሚሠራ ማስጠንቀቂያ ደወል ዋጋው ትንሽ ነው፤ ራስጌህ ስቀለው።

ስለ ሕጉ፦ የሲያትል ከተማ መኪና በአንድ መንገድ ዳር ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በፒክአፑ ውስጥ የሚኖር አንድ ሰው በዚህ ደንብ መኪናው ተጎትቶ ተወሰደበት፤ ጉዳዩ ሲያትል እስካለችበት እስከ ዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2021 የሚኖርበት መኪና እንደ መኖሪያ ቤት የሕግ ጥበቃ እንዳለው፣ ከ500 ዶላር በላይ የተጠየቀው ክፍያም ለእርሱ አቅም ከልክ ያለፈ ቅጣት እንደሆነ ወሰነ። ይህን የምነግርህ እንድትከራከርበት አይደለም፤ ሰውየው ፍርዱን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶበታል። ደግሞም በ2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሪገኗን ግራንትስ ፓስ ከተማ በሚመለከተው መዝገብ ከተሞች ደጅ ማደርን በቅጣት ቢከለክሉ ጭካኔ የተሞላበትን ቅጣት የሚከለክለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ አይጥስም ብሏል። ስለዚህ ከከተማ ከተማ ደንቡ ይለያያል፤ የምታድርበትን ከተማ ደንብ አንብብ፤ በየሌሊቱም ቦታ ቀይር። በዋሽንግተን ግዛት አውራ ጎዳናዎች ዳር ባሉት ማረፊያዎች ከ8 ሰዓታት ላልበለጠ ጊዜ መቆም ይፈቀዳል፤ ለአንድ እንቅልፍ ይበቃል። ዎልማርት በሚባሉት ትልልቅ መደብሮች የመኪና ማቆሚያ ማደርን በተመለከተ ውሳኔው የየሱቁ ኃላፊ ነው፤ ገብተህ ጠይቅ። በመጋዘኑ ግቢ ሳታስፈቅድ አትደር፤ ሥራህን ነው የምታጣው። በብሔራዊ ደኖች ብዙ ቦታ እስከ 14 ቀን በነፃ መስፈር ይቻላል፤ ነገር ግን በብርዱ ወራት መንገዱ በረዶ ነው፣ ከሥራህም ይርቃል። በኪንግ ካውንቲ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት በመኪና ለሚያድሩ ሰዎች ግቢያቸውን ይከፍታሉ፤ የእርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ ወደ 211 ደውለህ ጠይቅ።

አልኮል ጠጥተህ መኪናው ውስጥ አትተኛ። በዚህ ግዛት ባትነዳም እንኳን ጠጥቶ መኪናን በቁጥጥር ሥር ማድረግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። «ተኝቼ ነበር» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

የፖስታ አድራሻውን ነገር ማንም አላነሣልህም፤ ለእኛ ለስደተኞች ግን ከእንቅልፉ ይበልጣል። የግሪን ካርድ ባለቤትም ሆንህ ጉዳይህ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ አድራሻ ስትቀይር በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታህ ነው፤ ቅጹ ኤአር-11 ይባላል። ጉዳይህ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ በተለየ ቅጽ ታሳውቃለህ። የቀጠሮ ደብዳቤ ሳይደርሰው ቀርቶ በሌለበት የተፈረደበት ሰው አውቃለሁ። የምታምነው ዘመድ ወይም የአገር ሰው ካለ ደብዳቤህን ይቀበልልህ፤ ስምህን ፖስታ ሣጥኑ ላይ ይለጥፍልህ። ሰው ከሌለህ የግል ፖስታ ሣጥን የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ መታወቂያ ይዘህ፣ ሱቁ ደብዳቤህን እንዲቀበልልህ የሚፈቅደውን ቅጽ 1583 ትሞላለህ። ማደሪያህን በቅጹ ላይ እንዴት እንደምትገልጽ ጠበቃህን ጠይቅ፤ ከራስህ ፈጥረህ አትጻፍ።

መታጠብ ቀላሉ ነው። በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ጂም ተመዝገብ፤ ሻወሩን እንደ ልብህ ትጠቀማለህ። ከቤት ኪራይ ጋር ሲነጻጸር የወር ክፍያው ኢምንት ነው። ከፈረቃህ ጋር የሚስማማ ሰዓት ያለውን ምረጥ።

ምግብ ላይ ከፈረንጆቹ የምንበልጥበት ቦታ ደረስን። እነርሱ ማቀዝቀዣና ትልቅ ባትሪ ለመግጠም ብዙ መቶ ዶላር ያወጣሉ። የእኛ አያቶች በቅሎ ላይ ጭነው ለሳምንታት የሚጓዙበትን ስንቅ አዘጋጅተው ነው ያለፉት። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ውሃና ስኳር ወይም ማር ይበቃዋል። ጭኮ ለሌሊት ፈረቃ ምርጥ ነው፤ አንድ ቁራሽ ለሰዓታት ያቆያል። ድርቆሽ በክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ከታሸገ ይቆያል፤ በሥራ ቦታህ ማይክሮዌቭ ሽሮ ወይም ቲማቲም ቁሌት አሙቀህ ብታርሰው ፍርፍር በላህ ማለት ነው። እርጥብ እንጀራ ግን ከሁለት ቀን በላይ አትግዛ፤ በዚያ እርጥበት ቶሎ ይሻግታል። ለቡና የምትገዛው ምድጃ የቡቴን ጋዝ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይለግምሃል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ፈልግ። ከመኪናው ወጥተህ፣ ከነፋስ ተከልለህ አፍላ።

ማምሻውን ከወዲሁ አስብበት። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ የእረፍት ቀንህ ምሽት እጅግ ረጅም ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ጂም፣ የማታ ትምህርት፣ የሠርክ ጸሎት፣ ምንም ይሁን ምን ብርሃንና ሰው ያለበት ቦታ ይኑርህ። ያን ብረት ሣጥን ለመተኛት ብቻ ግባበት፤ ቀን ውለህበት ማታም ካደርህበት መንፈስህን ይጫነዋል።

«ሰው እንዳያውቅብኝ» ብለሃል። ይገባኛል፤ ይሉኝታ አለ፣ አገር ቤት ያሉትም ይጨነቃሉ። ለሁሉ አትንገር። ለአንድ ሰው ግን ንገር፤ በየማታው የት እንዳደርህ በስልክ የሚያውቅ አንድ ሰው። ሶፋዬ ላይ ተኛ ቢልህ በሳምንት አንድ ሌሊት እሺ በል፤ ፍራሽህን የምታደርቅበት ቀን ያ ይሁን። የኪራይ መያዣውን ገንዘብ ደግሞ ከደመወዝህ ላይ በየጊዜው ለይተህ አስቀምጥ፤ መኪና ውስጥ የሚኖር ሰው ሙቀት ፍለጋ ሬስቶራንት ሲመላለስ የቆጠበውን ኪራይ ይበላዋል።

የጭነት ቦታውን ርዝመት አልጻፍህም። ባለ 6 ጫማው 1 ሜትር ከ80 ትንሽ ያልፋል፤ ያ ከሆነ ከላይ ያልሁት ይሠራል። ባለ 5 ጫማው ግን 1 ሜትር ከግማሽ ገደማ ስለሆነ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ ካልሆነ አትዘረጋም፤ ሣጥኖቹም ሌላ ቦታ ይሻሉ። መዝጊያው እንደተዘጋ ከውስጥ ለካና ጻፍልኝ፤ ቁመትህንም ጨምርበት።