የዘጠነኛ ክፍል ልጆችን ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ከየት ልጀምር ላልሽው

እህቴ፣ ሰላም። «ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ስለ ኢንተርኔት ደህንነት ላስተምር ነው፣ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ አይሲቲ አስተምራለሁ። ያንቺም ልጆች እንደኔዎቹ ውሎና አዳራቸው ቴሌግራም ነው ብዬ ልመልስልሽ።

1. «የማታውቁት ሰው የላከውን ሊንክ አትክፈቱ» የሚለውን ተይው። ሊንኩ የሚመጣው ከሚያውቁት ሰው ነው። አካውንቱ የተጠለፈ የክፍል ጓደኛቸው «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጧት» ይላቸዋል። ገብተው ስልክ ቁጥራቸውን ይሞላሉ። ቀጥሎ ቴሌግራም የላከላቸውን ባለ 5 አሃዝ ኮድ ይጽፋሉ። አለቀ፣ አካውንቱ ሄደ። ያ ኮድ የቤት ቁልፍ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። ከክፍል ሲወጡ ይቺን ብቻ ይዘው ቢወጡ ይበቃል።

2. ስልካቸውን አስወጥተሽ እዚያው አሠሪያቸው። ትምህርት ቤትሽ ስልክ ከከለከለ ለአንድ ቀን አስፈቅጂ። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ከኮዱ ሌላ የራሳቸውን የይለፍ ቃል የሚጠይቀው፣ ይብራ። ስልክ ቁጥራቸውን ማን እንደሚያይ የሚመረጥበት ቦታ «ኖባዲ» ይሁን። አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች የሚዘረዘሩበትን «ዲቫይስስ» የሚለውንም አሳያቸው። ጠላፊው እንደገባ ነባሩን ስልክ ወዲያው ማስወጣት አይችልም። ልጁ ከቀደመው ግን እሱ ጠላፊውን ያስወጣዋል። አንዲት ተማሪዬ እናቷ ልብስ የሚሸጡበትን አካውንት እንዲህ አድርጋ አስጥላለች። እንዴት እንደኮራሁባት!

3. የተማሪዎች ስም ዝርዝር። እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። ድሮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቢሮው የተማሪዎቹን ሙሉ ስም፣ ሴክሽንና የወላጅ ስልክ ማንም ሊገባበት በሚችል ቻናል ላይ ለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው ለወላጆች መደወል ጀመረ። «ልጅሽ ወድቆ ክሊኒክ ወስደነዋል፣ ለሕክምና በቴሌብር ቶሎ ላኪ» ይላል። የልጁን ስም እስከ አያቱ፣ ክፍሉን እስከ ሴክሽኑ ይጠራል። የትኛዋ እናት አታምን? አንዷ ላከች።

ቢሮ ሄጄ ዝርዝሩ ይነሳ አልኩ። «መምህር፣ ስልክ ቁጥር ደግሞ ምን ምስጢር አለው? ግባና ክፍልህን አስተምር» ተባልኩ፣ ያውም ወላጆች ቆመው እየሰሙ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተነሳው ወላጆች ተሰብስበው ከጮኹ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ግሩፕ ውስጥ ተበትኖ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ክፍል ውስጥ የጠበቀኝ ነው። «ቲቸር፣ አንተ ቁጥራችሁን ደብቁ ትለናለህ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ለጥፎታል» አለኝ አንዱ። ምን ይመለሳል? ልጁ ልክ ነው።

ስለዚህ ክፍል ከመግባትሽ በፊት የራሳችሁን ቻናል ወደ ኋላ ሄደሽ ፈትሺ። ውጤት ከነስም፣ የልጆች ፎቶ፣ የወላጅ ስልክ ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሳ። «ምን ችግር አለው?» ካሉሽ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ አትመሽ ይዘሽ ግቢ። አሁን ያለሁበት ትምህርት ቤት ውጤት ለእያንዳንዱ ወላጅ ለየብቻ ነው የሚላከው። ለዚህ ስንት ስብሰባ ተከራክሬያለሁ። ያንቺን ቢሮ ግን በቃል አትጠይቂያቸው። በጽሑፍ አስገቢ፣ ቅጂው ላይም ማህተም አስመቺ።